ገበታውን ማን ያካፍላል?

ከአንባብያናችን አንዱ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ዎርክሾፕ እንዲቆጣጠሩ የተመደቡ ሹም፣ ባለፈው ሰሞን ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። አፍ የፈቱበት ቋንቋ አማርኛ ባለመሆኑ «ስሕተቴን እያረማችሁ አንብቡልኝ» ሲሉ አስቀድመው አሳሰቡን። እኛ ግን ደብዳቤውን ጨርሰን ካነበብን በኋላ የሚታረም ነገር ያጣን መሆናችንን ልንደብቃቸው አንወድም። ጉዳያቸው እንዲህ ነው። በዎርክሾፑ ውስጥ ሁለት ገበታዎች አሉ። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ደመወዙም እኩል ነው፤ እንጨቱም የሚወጣው ከአንድ ግምጃ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከአንደኛው ገበታ በሳምንት የሚወጣው ወንበር ከሁለተኛው ዘወትር ያንሳል። «ሠራተኞቹን ልቅጣ ወይስ መሣሪያው ይለወጥልኝ ብዬ ለበላይ ልጻፍ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ቅጣቱም ግዥውም ለጥቂት ጊዜ ይቆይልን። ጥያቄው እንደዚህ ባለ ጠባብ ስፍራ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለምና፣ አንባቢያችን ከእኛ ጋር እስከ ናይሮቢ ድረስ እንዲጓዙልን እንለምናቸዋለን። ናይሮቢን የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ በስተ ኋላ ይገለጣል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንናገራለን።

ናይሮቢ ከዎርክሾፕ የተወለደች ከተማ ናት ቢባል ከእውነት ብዙ አያርቅም። ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዑጋንዳ የሚያመራው የባቡር ሐዲድ በ1899 ዓ.ም. ከዚያ በደረሰ ጊዜ፣ ማሳዮች በቋንቋቸው ስለ ቀዝቃዛ ውኃው የሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ የባቡሩ ዕቃ ማከማቻና መጠገኛ ሆነ። የከተማይቱም ስም የመጣው ከዚሁ ውኃ ነው። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከሕንድ አገር ከ30,000 በላይ ሠራተኞች መጥተው ነበር፤ ከእነርሱም 2,500 ያህሉ በሥራው ላይ ሳሉ ሞተዋል። የቀሩት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጥቂቶቹ እዚያው ሰፈሩ። እንግዲህ በከተማይቱ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው አንዱ አዛዥ፣ ሌላው አንጥረኛና ጸሓፊ፣ ሦስተኛውም ተሸካሚ ሆኖ፣ ሰው በመልኩ እየተለየ በሥራ ቦታ ተደለደለ። ኬንያ በ1963 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ከወረሰቻቸው ነገሮች አንዱ ይህ ድልድል ነው።

ድልድሉን ለማፍረስ በመጀመሪያ ከተነሡት አንዱ የማተሚያ ቤት ሰው ነበሩ። ማካን ሲንግ ይባላሉ። በፑንጃብ ተወልደው በ1927 ዓ.ም. በልጅነታቸው ወደ ናይሮቢ መጡ፤ አባታቸው ባቋቋሙት ማተሚያ ቤትም ሠሩ። በ1935 ዓ.ም. የመሠረቱትን የሠራተኞች ማኅበር ሕንዳዊም ሆነ አፍሪካዊ ሳይባል ለማንኛውም ሠራተኛ ክፍት አደረጉት። በ1937 ዓ.ም. ይህ ማኅበር የመራው የናይሮቢ የሥራ ማቆም አድማ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በደመወዝ ጭማሪ ተፈጸመ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ግን በ1950 ዓ.ም. አሰራቸውና እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ አላስፈታቸውም። የአንድ አሠሪ ልጅ ስለ ሠራተኛ መብት አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ ማለት ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ቶም ምቦያ ናቸው። የኬንያ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ዋና ጸሓፊ ሆነው ዓመታት ከአሠሪዎች ጋር ሲሟገቱ ከቆዩ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. የሥራ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ያን ጊዜ አገሪቱ በአድማ ላይ አድማ ይነሣባት ነበርና፣ አሠሪዎቹም «እንግዲህ የአድማው አባት ሚኒስትር ሆነብን» ብለው ቢሰጉ የሚያስደንቅ አልነበረም። ነገር ግን ምቦያ መንግሥትን፣ የአሠሪዎችን ፌዴሬሽንና የሠራተኞችን ፌዴሬሽን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው በዚያው ዓመት በጥቅምት የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቻርተር የተባለውን ስምምነት አስፈረሙ። አሠሪዎች ማኅበራቱን ሊያውቁ፣ ማኅበራቱም የተወሰነው የክርክር ሥርዓት ሳያልቅ ሥራ ላያቆሙ ተስማሙ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ክርክሩን የሚቆርጥ የኢንዱስትሪ ፍርድ ቤት ተቋቋመ።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ስለ ፖለቲካ ለመናገር አይደለም። ቻርተሩ በፋብሪካው በር ላይ ያለውን ጠብ አበረደ፤ በፋብሪካው ውስጥ፣ በየገበታው ያለውን ግን ሊደርስበት አልቻለም። ሦስት ሰዎች አንድ ገበታ ዙሪያ ቆመው እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ማንም ሚኒስትር በፊርማ አያዝዘውም። ይህ የሥራ አስኪያጁ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን በመማር ላይ ላሉት አንባብያን አንድ ቃል ብናነሣ ከነገራችን መውጣት አይሆንብንም። ሥራ አስኪያጅ የሚለው ስም «ሄደ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሄደ ብሎ አስኬደ፤ አስኬደ ብሎ አስኪያጅ ይላል። አለቃ ተቀምጦም አለቃ ነው፤ አስኪያጅ ግን ሥራው ካልሄደ ስሙ ራሱ ይፈርድበታል። ሹማምንት ሁለቱን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ ሲጠቀሙባቸው ብዙ ጊዜ ሰምተናል።

አሁን ናይሮቢን ወደ መረጥንበት ምክንያት ደረስን። ከኬንያ ወደ አውሮፓ የሚላከው ጽጌረዳ በናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ያልፋል። አበባው ከመላኩ በፊት በማሸጊያ ቤት በእስር በእስር ይታሰራል። ዮናስ ዮርት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከእነዚህ ማሸጊያ ቤቶች የአንዱን የሁለት ዓመት የዕለት ዕለት መዝገብ መርምረው በ2014 ዓ.ም. ውጤቱን አሳትመዋል። በመዝገቡ ውስጥ የ924 ሠራተኞች ሥራ ሰፍሯል። ሥራው እንዲህ ነበር። በአንድ ገበታ ሦስት ሰው ይቆማል። አንዱ አቀባይ ነው፤ አበባውን እያዘጋጀ ለሁለት አሳሪዎች ያካፍላል። አሳሪዎቹ እስር እስር አድርገው ያስረክባሉ። እያንዳንዱ አሳሪ የሚከፈለው ራሱ ባሰረው ቁጥር ልክ ነው። አቀባዩ ደግሞ የሚከፈለው ሁለቱ አሳሪዎች ባንድነት ባሰሩት ድምር ልክ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚቆም በሠራተኛው ምርጫ ሳይሆን በሥራ ድልድል ይወሰን ነበር።

ሠራተኞቹ በአገሪቱ ፖለቲካ ከሚፎካከሩ ሁለት ወገኖች የመጡ ሲሆኑ ቁጥራቸውም እኩል ለመሆን የቀረበ ነበር። አንባቢያችን ሂሳቡን ልብ ይበሉልን። አቀባዩ የሚጠቀመው አበባውን ፈጥኖ ለሚያስር ሰው ቢሰጥ ነው፤ የአሳሪው ወገን ማን መሆኑ ለኪሱ አንዳች ነገር አይጨምርለትም። መዝገቡ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ አሳሪዎች አንዱ የአቀባዩ ወገን፣ ሌላው የማዶ ሰው በሆነበት ገበታ፣ አበባው ወደ ወገን ያዘነብላል። ሁለቱም አሳሪዎች ከማዶ በሆኑበት ገበታ ደግሞ አቀባዩ እጁን ያዘገያል። በሁለቱም ዓይነት ገበታ ጠቅላላው ሥራ ሦስቱም አንድ ወገን ከሆኑበት ገበታ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አቀባዩ ሌላውን ለመጉዳት ሲል ከራሱ ደመወዝ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ያለ ጩኸት፣ ያለ ስድብ፣ ምናልባትም ራሱ አድራጊው ልብ ሳይለው የሚደረግ ነገር ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ተቆጣጣሪ «ይህ ገበታ ሰነፍ ነው» ከማለት በቀር ምን ሊል ይችላል?

በታኅሣሥ ወር 2007 ዓ.ም. መጨረሻ በኬንያ ምርጫ ተደረገ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ። በማሸጊያ ቤቱ የነበረው የገበታ አድልዎ በዚህ ወራት እጅግ ባሰ። ከውጭ ያለው እሳት በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ እንበል። የድርጅቱ ሹማምንት ያላቸው ምርጫ ብዙ አልነበረም። ሠራተኛውን በወገን በወገን ለያይተው ማቆም ይችሉ ነበር፤ ለጊዜው ሥራው በፈጠነላቸው ነበር። ነገር ግን አንድን ማሸጊያ ቤት በግንብ ሳይሆን በሰው ልብ ለሁለት መክፈል ምን እንደሚያስከትል ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እነርሱ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። ሁከቱ ከተነሣ ስድስት ሳምንት ያህል በኋላ የደመወዙን ስሌት ለወጡ። ሁለቱ አሳሪዎች እያንዳንዳቸው በግላቸው ባሰሩት ልክ መከፈላቸው ቀርቶ፣ ሁለቱ ባንድነት ባሰሩት ልክ እኩል ይከፈላቸው ጀመር። አቀባዩ አሁን ለወገኑ አሥር አበባ ቢያበዛለት ወገኑ ከሌላው የተለየ ሳንቲም አያገኝም። ማዳላት ትርፉ ጠፋ። በተቀላቀሉት ገበታዎች የነበረው ያልተስተካከለ ክፍፍል ቀረ፤ ሥራውም አንሰራራ። ማንም ስለ ፍቅር አልተሰበከለትም፤ ማንም በፖሊስ አልተጠበቀም። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም አሳሪዎች ከማዶ ለሆኑበት ገበታ ይህ ዘዴ መድኃኒት ሊሆን የሚችል አልነበረም፤ እዚያ አቀባዩ የሚያዳላለት ሰው የለምና፣ ያለው መዘግየት ብቻ ነው። አንድ የስሌት ለውጥ የሰውን ልብ ይለውጣል ብሎ የሚነግረን ቢመጣ እንዳናምነው ይህን እንጨምራለን።

የቤት እመቤቶች በዚህ ታሪክ ብዙም የሚደነቁ አይመስለንም። ስምንት ልጅ በአንድ ትሪ የምታበላ እናት፣ ወጡን የሚያወጣው እጅ የማን እንደሆነ፣ ሥጋው ወደ ማን በኩል እንደሚያዘነብል ሳትቆጥር ውላ አታውቅም። በአንዳንድ ቤት ልጆች የሚቆርሱት ነገር ሲኖር የቆረሰው መጨረሻ ያነሣል የሚል ሕግ አለ። የማሸጊያ ቤቱ ሹማምንት ያወጡት ሕግ የዚህ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ በአንድ ማሸጊያ ቤት ብቻ የታየ እንዳይመስል ጥቂት ራቅ ብለን እንመልከት። በዓለም ዙሪያ የፋብሪካ አስተዳደርን የሚመረምር አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ ኬንያም ኢትዮጵያም ከተጠየቁት አገሮች ውስጥ ናቸው። ጠያቂዎቹ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በስልክ እየደወሉ በ18 ጉዳዮች ላይ ያነጋግሩታል፤ ብልሽት ሲገኝ ምን ታደርጋላችሁ፣ ደህና የሚሠራውን በምን ታውቁታላችሁ፣ የወሩን ዕቅድ ሠራተኛው ያውቀዋልን የመሳሰለውን። ከዚያም ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥብ እንደሚሰጠው ግን እርሱ አያውቅም። በመጨረሻ «የእርስዎ ፋብሪካ እንዴት ይተዳደራል ይላሉ?» ብለው ይጠይቁታል። ሥራ አስኪያጁ ለራሱ ፋብሪካ የሚሰጠው ነጥብ ፋብሪካው ካለበት እውነተኛ ሁኔታ ጋር ዝምድና የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ስናነብ ሳቅንም፣ አፈርንም፤ እኛም ብንጠየቅ ስለዚህ ዓምድ መልካም ነጥብ ሳንሰጥ አንቀርም ነበርና።

የእነዚሁ ሊቃውንት ባልደረቦች በሕንድ አገር በሙምባይ አካባቢ በሚገኙ 17 የሽመና ኩባንያዎች ሙከራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ፋብሪካዎች አማካሪ ልከው ለወራት አሠራራቸውን አስተካከሉላቸው። አዲስ መኪና አልተገዛም። የተደረገው ነገር የክር ግምጃ ቤቱን ማደራጀት፣ ብልሽትን በየቀኑ መመዝገብ፣ መኪናው ሳይሰበር በፊት መጠገን፣ ጠዋት ጠዋት ስለ ትናንቱ ሥራ ቆሞ መነጋገር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የምርት ውጤታማነታቸው በ17 ከመቶ ከፍ አለ። «ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ለምን ቀድሞ አልተደረገም?» ቢባል፣ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ የእነርሱ ጨርቅ የሚያሳፍር ብልሽት ያለበት መሆኑን አያውቁም ነበር። ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኛ ይህኛው ይበልጥብናል። የእነዚህ ኩባንያዎች ስፋት የሚወሰነው በቤተ ሰቡ ውስጥ ባሉት ወንዶች ልጆችና ወንድሞች ቁጥር ነበር። ባለቤቱ ባዕድ ሰው ይሰርቀኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ ወንድም ባለቀ ጊዜ ፋብሪካውም ማደጉን ያቆማል።

በናይሮቢ የኢንዱስትሪ ሠፈር ከሕንድ በመጡ ቤተ ሰቦች የተቋቋሙ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ በስም የታወቀው የቻንዳሪያ ቤት ነው። ማኑ ቻንዳሪያ በ1929 ዓ.ም. በናይሮቢ ተወልደው በአሜሪካ ምሕንድስና ተምረው በ1951 ዓ.ም. ወደ ቤተ ሰባቸው ሥራ ተመለሱ፤ ከሱቅ የተነሣው ቤትም በብረታ ብረትና በአሉሚኒየም ሥራ ከኬንያ ወሰን አልፎ ብዙ አገር ደረሰ። ቤተ ሰብ መሆን በራሱ እንቅፋት አይደለም፤ እንቅፋቱ ቁልፉን ከቤተ ሰብ ውጭ ለማንም አለመስጠት ነው።

ቁልፍም ግድግዳም የሌለው ፋብሪካ ደግሞ አለ። በናይሮቢ በካሙኩንጂና በጊኮምባ በኩል ያለፈ ሰው የመዶሻው ድምፅ በጆሮው ሳይጮኽ አያድርም። ከጣራ በታች ሳይሆን በፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ፣ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈት ሳይሆኑ አምራች መሆናቸውን ለዓለም አሳውቋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ የሸክላ ምድጃ ሲወጣ ብረቱን የቀጠቀጡት እነርሱ ናቸው። ምድጃው በውጭ ቆርቆሮ፣ በውስጥ የተተኮሰ ሸክላ ነው። ሸክላው የሚሠራው በሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ ነው። የሸክላው ስፋት ከቆርቆሮው ጋር ካልገጠመ ምድጃው ዋጋ የለውም። አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን የሚያዝዝ አንድ ዲሬክተር የለም፤ ሁለቱን የሚያስማማቸው አንድ ልክ ብቻ ነው። ባልትና የሚያውቁ አንባብያን ይህን ምድጃ ሳያዩት አልቀሩም፤ በእኛ አገር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ የዚሁ የኬንያው ልጅ ነው።

በአገራችንም ነገሩ አልተረሳም። በ2009 ዓ.ም. በጃፓን ርዳታ በ30 ፋብሪካዎች የካይዘን ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከሥራው መጀመሪያ የሆኑት አምስት ደረጃዎች በአማርኛ አምስቱ ማዎች ይባላሉ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ተማሪዎቻችን እንደሚያስተውሉት ሁሉም በ«አ» ከሚጀምሩ ግሦች የወጡ ናቸው፤ አጣራ፣ አስቀመጠ ይላል። ከአምስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። በሙምባይም ተመራማሪዎቹ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ካስተማሯቸው አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተው አግኝተዋል።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። መሣሪያውን አይለውጡ፤ ማንንም ገና አይቅጡ። ሁለት ሳምንት ያህል በየገበታው እንጨቱን የሚያካፍለው ማን እንደሆነ፣ ለማን አስቀድሞ እንደሚያቀብል፣ የተጣመመውና ቋጠሮ የበዛበት ጣውላ በማን ፊት እንደሚከማች በመዝገብ ያስይዙ። ደመወዙ እኩል ነው ብለውናል፤ ነገር ግን የትርፍ ሰዓትና የበዓል ጉርሻ በማን እጅ እንደሚታደል አልነገሩንም። ይህንንም ይመርምሩልን። ከዚያም መዝገቡን ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት ያንብቡት፤ ያካፋዩም ቦታ በየሳምንቱ በተራ እንዲያዝ ያድርጉ። ያገኙትን ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን፤ ስማቸውንም ሆነ የመሥሪያ ቤታቸውን ስም አንገልጥም። አማርኛቸውንም እንደ አሁኑ ሳናርም እናትመዋለን።